የሐምሌ በረዶ

ሬሆቮት መሽቷል፤ ቤተ ሙከራው ተኝቷል፤
የቀኑ ሊቅ ሁሉ ዕቃውን ጥሎ ሄዷል።
ጠርሙስ አጣቢዋ እኔ፣ ጓንቴን አጥልቄ፣
የጥያቄያቸውን አተላ አጥባለሁ ተጠንቅቄ።

ዮታም የሚሉት ልጅ፣ ጢሙ ገና ያልጠና፣
አንድ ሌሊት ቆይቶ፣ ሥራው አልሆን ብሎት ነውና፣
መስኮቱ ላይ በቀይ ቀለም ሥሎ አሳየኝ፤
«ካርቦን ይኸውልሽ፣ አራት እጅ አለው» አለኝ፤
«ባዶ እጁን አያድርም፤ የሆነ እጅ ጨብጦ ይኖራል።»
ሳቅሁ። ለከሰል አክሳይ ልጅ ስለ ከሰል ይነገራል?

ወለቃ፣ አባቴ ማረሻ ሲቀጠቅጥ፣
ወናፉን የያዝኩ እኔ ነኝ፣ ከፍሙ ፊት ስቀመጥ።
ቀን ማረሻ የገዛን ሰው ማታ «ቡዳ» ብሎ ሲያማን፣
«ከእሳት የሚውል ሰው በዓይኑ ይበላል» ብሎ ሲፈራን።
ያ ጥፍሬ ሥር ያደገ ጥቁር
በብርቱካን ልጣጭ አለ፣ አለ በስኳር፣
በቄሱ ጥምጥም፣ በእርሳስ ጫፍ፣ በራማት ጋንም አልማዝ፣
በዘበኛ በሚጠበቀው፣ በመስታወት ሥር በሚያዝ።
አባቴ ይህን ሳይሰማ ሞተ።

ከዚያ አልኮልን አስተማረኝ።
አንድ ካርቦን ሦስት እጁን ለሦስት ሃይድሮጅን ሰጥቶ
በአራተኛው ኦክስጅንን ቢይዝ፣
ኦክስጅንም በቀረችው እጁ አንዲት ሃይድሮጅን ቢያንጠለጥል፣
ሜታኖል።
ሁለት ካርቦን ተያይዘው ያንኑ ጭራ ቢያስከትሉ፣
ኢታኖል፦ የጠላው፣ የጠጁ፣ የዓርብ ማታው ወይን፣
ዘፈን የሚያወጣው፣ የተቀበረ ነገርም የሚያወጣው።
ሁለቱም ጥርት ያሉ፣ ሁለቱም በክብሪት የሚያያዙ፤
መካከላቸው አንድ ከሰል።
«ትንሿን እንዳትቀምሺ» አለኝ፤
«ጉበት ገብታ የጉንዳን አሲድ ትሆናለች፤ ዓይን ነው የምትበላው።»
ደግሞ ሳቅሁ። ለካስ ቡዳዋ አንቺ ነሽ!
በዓይን ሳይሆን ዓይን የምትበዪ።

ሐምሌ ገባ። አስፋልቱ ጫማ ሥር ይለጥጣል።
ወንድሜ ማንደፍሮ ከሥራው ሲወጣ
ከአውቶቡስ ማዞሪያው ኋላ፣ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ፣
ምልክት የሌለው ዐረቂ በአሥር ሼቄል አመጣ።
በማግስቱ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ፊቱ ላይ ያውለበልባል፤
«እቴ፣ በረዶ እየጣለ ነው።»

ጎንደርን ያለመ መስሎኝ ነበር።
ሐምሌ ነዋ፤ እዚያ ቢሆን ቆርቆሮው ይደበደባል፣
ልጆች በረዶውን በመዳፋቸው እየለቀሙ ይበላሉ።
«ተኛ» አልኩት፤ ትራሱን አስተካከልኩለት።
ኋላ ዓይኑን አየሁት፤
እኔን ሳይሆን ከኔ ወዲያ ያለውን ነጭ ያያል።
ጉንዳኖቹ ገብተዋል።

ተረኛዋ ሐኪም «ሰክሯል፣ ይተኛበት» አለች።
ዕብራይስጤ ተሰባበረ።
እስክሪብቶዋን ከኪሷ መዝዤ አንሶላው ላይ ሣልኩት፦
ብቸኛውን ካርቦን፣ አራት እጁን፣ ጭራውን።
«ኬሚስት ነሽ?»
«አጣቢ ነኝ።»
ደሙን ይዘው ሮጡ።

በክንዱ ጠብ ጠብ ያሉለት ምን ይመስላችኋል?
ኢታኖል! ታላቅ እህቷን።
ጉበት ባለ ሁለቷን እያስተናገደ
ባለ አንዷ ደጅ ትጠናለች፤
ደጅ እንደጠናች መርዝ ሳትሆን ትሸኛለች።
አንድ ማሽን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ደሙን አጠበለት፤
ዝም ብሎ የሚሠራ፣ እንደኔው አጣቢ፣
አጠገቡ ቁጭ ብዬ ተመለከትኩት።
እሾህን በእሾህ ይሉ ነበር አባቴም፤
እሾሆቹ እህትማማች መሆናቸውን ግን ማን ነገራቸው?

ግራ ዓይኑ ተመለሰች። ቀኙ እስከ ዛሬ በረዶ ነው።
«በቀኝ ጎንደር ነኝ፣ በግራ ሬሆቮት» ይላል ሰው ሲጠይቀው፣
ሰው ይስቃል።
እኔ እስከ አሁን አልሳቅሁም።

ዮታም መስኮቱን እንዳላጥብ ለምኖኛል፤ ቀዩ ሥዕል አለ።
ከመደርደሪያው ሁለት ጠርሙስ ሳወርድ፣
ውሃ የመሰሉ ሁለት ዝምታዎች፣
ስማቸውን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣
በባዶው ክፍል፣
ሁለቴ።